ለፕሬዚዳንቶቹ የተቀመጡ ሰዎች

ይድረስ ለምወድህና ዘወትር ለምናፍቅህ ወንድሜ ለዌንደል፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ ኢንጋስ ደህና ናት? ልጆቹስ፣ ካርላና ትንሹ ሮይ? የአላስካ ብርድ እንዴት ይዟችኋል፣ ውርጩ ያቆሰለው ጣትህ ዳነልህ ወይ? ዓይንህስ? የብየዳው ብርሃን አላስቸገረህም? እኛ፣ አባባም ልጄ ኔልም እኔም፣ እስከ ዛሬ በሕይወት አለን። «ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም» ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ ግን እንቢ አለኝ። ስለ ጤናህ የምጠይቅህ ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ። ራስ ምታትም ቢሆን፣ እንቅልፍ ማጣትም ቢሆን፣ አንድም ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ምክንያቱን ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሃለሁ። ስትጨርሰው «እህቴ አበደች» ትል ይሆናል። በል፣ አልቀየምህም።

ባለፈው ኦገስት ለዕረፍት መጥተህ ሳለ የጀመርኩትን ሥራ ታስታውሰዋለህ። የኮሎምበሱ አሳታሚ አገራችን ሁለት መቶ ዓመት የምትሞላበትን በዓል አስቦ፣ የፕሬዚዳንቶቻችንን አጫጭር የሕይወት ታሪክ ከነሥዕላቸው እንዳዘጋጅለት ጠይቆኝ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ፤ ከላይ ሥዕል፣ ከታች ታሪክ። «ለምሁር አይደለም የምንጽፈው። ፀጉር ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ተራው ሳይደርስ አንብቦ ይጨርሰው» ነበር ያለኝ። ዕድሜዋን በጋዜጣ ላይ የጫማና የውስጥ ልብስ ማስታወቂያ ስትስል ለኖረች ሴት ትልቅ ሹመት ነው።

ችግሩ የሰዎቹ ፊት በየመጽሐፉ ቢገኝም አካላቸው አልተገኘልኝም። እጅ ጉልበት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ኮት ከትከሻ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ከሕያው ሰው ካልወሰድኩ ሥዕሌ በድን ይሆንብኛል። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ የቴአትር ክፍል አሮጌ ካፖርትና ባርኔጣ ተውሼ፣ የከተማችን የማርስደንን ወንዶች በየተራ የደልበርት ፀጉር ቤት ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ታውቀኛለህ፣ የማየውን ነው የምስለው። የተቀመጠው ሰው ፊት ሳላስበው ወረቀቱ ውስጥ እየገባ፣ ሁሉም ግማሽ ፕሬዚዳንት ግማሽ ጎረቤት ሆኖ ቀረ። ሰዉ ግን ወደደው። ደልበርት ያለቁትን ገጾች ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው፤ ፀጉሩን ሊቆረጥ የሚመጣው ሁሉ ራሱን እየፈለገ ይስቅ ነበር። ደልበርት ራሱ ለሁቨር ተቀምጦ፣ ሁቨር ዘጠና ዓመት መኖራቸውን ካነበበ ወዲህ «እኔ ገና ሠላሳ ዓመት ፀጉራችሁን እቆርጣለሁ» እያለ ይፎክር ነበር። አንተም ለኬኔዲ ተቀመጥክልኝ፤ ፀጉርህን በውሃ አርሰህ፣ ወደ ጎን አበጥረህ፣ የደልበርት ክፍት መኪና የኋላ ወንበር ላይ። ደልበርት «ይሄ ልጅ ቢወዳደር ከንቲባ ይሆናል» ሲልህ «መጀመሪያ የወሰድክብኝን መዶሻ መልስ» ያልከው እስከ ዛሬ ይወራል።

ለዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን የተቀመጡልኝ ሽማግሌው ኤልመር ፕሩት ናቸው፤ በልጅነታችን ፖስታ የሚያመጡልን የነበሩት። ሃሪሰን በብርድ ቀን ያለ ካፖርት ቆመው ረጅም ንግግር አድርገው፣ ሥልጣን በያዙ በወሩ የሞቱት ናቸው። ኤልመር ይህን ሲሰሙ «ደጅ ካልቆምኩ» አሉ። ወሩ ዲሴምበር ነው፤ የፍርድ ቤቱ ደረጃ በረዶ ለብሷል።

«ካፖርትዎን ይደርቡ እንጂ» አልኳቸው።

«እሳቸው ደርበዋል?»

«አልደረቡም።»

«እንግዲያው አትነዝንዢኝ፤ ሥዕልሽን ሳዪ።»

ጃንዋሪ ሳያልቅ በሳንባ ምች ሞቱ። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው በብርድ ወራት ሳንባቸውን ታመው ቢሞቱ ማን ይገረማል? እኔም አልተገረምኩም። ከቀብር ስንመለስ ግን ሰዎች ሊሞቁ ደልበርት ቤት ገቡ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁና ግድግዳውን ቀና ብዬ ሳይ የኤልመር ሥዕል አፉን ከፍቷል። ንግግር የሚያደርግ ሰው ነው የሳልኩት፣ ድሮም ክፍት ነበር አልኩ ለራሴ። ያን ያህል ክፍት ነበር ወይ ብዬ ግን ማንንም አልጠየቅኩም። መልሱን መስማት አልፈለግኩም።

ቀጥሎ ሮስኮ። የአባባ የዓሣ ማጥመድ ጓደኛ፣ የኦፓል ባል። ለዛካሪ ቴይለር የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ፌብሩዋሪ ላይ፣ በፕሬዚዳንት ዋሽንግተን የልደት በዓል፣ እንደየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን የጋራ እራት ነበር። ኦፓልም እንደየዓመቱ በቼሪ ፍሬ የተሞላ ጣፋጭ ፓይ ጋግረው መጡ። ሮስኮ አንዱን ቁራሽ ጨርሰው ሌላ አስጨመሩና በላዩ ላይ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ወተት ጠጡ። ሁላችንም ከዚያው ፓይ በልተናል፤ ኔል እንዲያውም ሳህኑን ልሳለች። ማንንም ምንም አላለውም። ሮስኮ ግን ቤታቸው ሳይደርሱ ሆዳቸውን ይዘው መንገድ ላይ ተቀመጡ። ሐኪሙ «አንጀት ነው» አለ። ሳምንቱን አልጨረሱም።

ነገሩን ያስተዋለው ደልበርት ነው። ከቀብሩ በኋላ የፀጉር ቤት ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ መጣና ከግድግዳው የነቀለውን ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

«የጻፍሽውን አንብቢው» አለኝ።

አነበብኩት። ቴይለር በአንድ ሞቃት የበዓል ቀን ቼሪና ቀዝቃዛ ወተት ወስደው ሆዳቸውን እንደ ታመሙና በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ሞቱ ይነገራል ይላል። በገዛ ቃሌ። የጻፍኩት ገና ቅጠል ሳይረግፍ ነው።

«ኦፓል ይህን አንብበዋል?» አልኩት።

«ሥዕሉን ብቻ ነው የሚያዩት። ጽሑፉ ደቃቅ ሆነብኝ ይላሉ።» ከዚያ ሰው የሚሰማው ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሎርና፣ ቀጣዩ ማን ነው?»

ጠየቀኝ እንጂ ያውቀዋል። ሥልጣን ላይ ሳሉ ከሞቱት ከሃሪሰንና ከቴይለር ቀጥሎ ያሉት ሊንከን ናቸው። ለሊንከን የተቀመጠው አባባ ነው። ያንን ቁመትና ያንን የጎደጎደ ጉንጭ ይዞ ሌላ ለማን ይቀመጣል?

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ አንድ ጠዋት በቃው። እንደ ሊንከን ለተገደሉት ለጋርፊልድ የተቀመጠው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂው መርል መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ግባ ብለው አልገባም አለ። «ከዚያ ሰውዬ ላይ አውርጂኝ። ዕድሜ ካገኙት ወደ አንዱ አዛውሪኝ» አለኝ። «ጢምህ የጋርፊልድ ነው እኮ» ብለው በማግስቱ ተላጭቶ መጣ። ስቄ ልሸኘው ነበር፤ አሁንም ደፌን አልረግጥም ሲል ሳቄን ዋጥኩት።

አባባን ግን ምን ብዬ ልግለጽልህ። ለሥዕሉ ያሳደገውን ጢም አልቆርጥም አለ። መንገድ ሲወጣ ሰዉ በዚያኛው ጠርዝ ይሻገራል። ካፌ ሲገባ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። «ጥሩ ነው፣ ክርኔን የማሳርፍበት አገኘሁ» ይላል። ስስቅለት ይደሰታል፤ እኔ ግን መሳቅ እያቃተኝ ሄደ።

በማርች መጨረሻ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ዳቦው ላይ ቅቤ እየቀባ፣ «ትናንት ታች ቤት የሚያለቅሱት እነማን ነበሩ?» አለኝ። ጆሮው እንዴት እንደ ሆነ ታውቃለህ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ካልጮህኩ አይሰማኝም።

«ማንም አላለቀሰም አባባ። ሕልም ነው።»

«ይሆናል። ብቻ ወረድኩ። በየክፍሉ መብራት አለ፣ ሰው የለም፣ ልቅሶው ግን አለ። ሳሎን ስገባ መሐል ላይ አንድ ነገር ተሸፍኗል፤ ወታደር ቆሟል። ማን ሞተ? አልኩት። 'የቤቱ ጌታ' አለኝ።» ዳቦውን ነከሰና አላመጠ። «ወታደር እኛ ቤት ምን ይሠራል? ይሄ ነው የገረመኝ።»

ዌንደል፣ ሊንከን ከመገደላቸው ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲህ ያለ ሕልም አየሁ ብለው ነበር እየተባለ ይወራል። እኔም በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ጽፌ ወረቀቱን ከታይፕራይተሩ ሳላወጣ፣ ክዳኑን ከድኜ ወርጄ ነበር። ላይ ቤት ያለችው የሥራ ክፍሌ ደረጃዋ ቀጥ ያለ ስለሆነ አባባ ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ወጥቶባት አያውቅም። ሕልሙን ከሌላ ቦታ ሰምቶት ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት። «ስለ ሊንከን የማውቀው ትምህርት ቤት የተማርኩትን ነው፤ እሱንም ረስቼዋለሁ» አለኝ።

ያን ዕለት ያደረግኩት ይህ ነው። መስታወት ከፊቴ አቆምኩ፤ የአባባን ሥዕል ፊቱን ፋቅሁትና በቦታው የራሴን መሳል ጀመርኩ። አጥንታችን አንድ ዓይነት ስለሆነ ከባድ አልነበረም። ጢሙን ካለበስኩት እኔ መሆኔን ማንም አይለይም። የሚመጣው ነገር ካለ ወደ እኔ ይምጣ አልኩ። ግንባሩን ጨርሼ ወደ ዓይኑ ስደርስ ከኋላዬ የእንጨት መንቋቋት ሰማሁ። አባባ ያንን ደረጃ፣ በዚያ ጉልበቱ፣ ወጥቶት ቆሟል።

ሥዕሉን አየ፣ መስታወቱን አየ።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ።

«አባባ፣ እባክህ...»

«ልጄን እኔ ቦታ ላይ አስቀምጬ ጢሜን እያሻሸሁ እንድኖር ነው? አጥፊው።»

«ሮስኮስ? ኤልመርስ?»

«ኤልመር ሽማግሌ ነበር። ሮስኮ ሆዳም ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ የእኔን ፊት መልሺልኝ።» ከዚያ ድምፁ ትንሽ ላላ። «ደግሞ ይሄ ሥዕል ቆንጆ ነበር። እናታችሁ ብታየው ትወደው ነበር።»

መለስኩለት። እያለቀስኩ መለስኩለት።

አሁን ወደ ቴአትሩ ልምጣ። ትምህርት ቤቱ ለሁለት መቶኛው ዓመት በዓል ቴአትር አዘጋጅቶ፣ ኔል የአገራችንን የመጀመሪያ ባንዲራ የምትሰፋውን ሴት ሆና ትሠራ ነበር። ቀኑ ከሆሣዕና በፊት ያለው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ሊንከን የተገደሉት ቴአትር እያዩ መሆኑን የማያውቅ የለም። አባባ እንዳይሄድ ደልበርት ለመነው፤ ቄሱ ለመኑት፤ እኔ ልብሱን ደበቅኩበት። በፒጃማም ቢሆን እሄዳለሁ ሲል አወጣሁለት። «የልጅ ልጄ ሦስት መስመር ትናገራለች። እኔ ባልሰማም ከንፈሯን አያለሁ» አለ።

አዳራሹ ስንገባ ሞልቶ ነበር። አባባ መሐል ረድፍ ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ እኔ በቀኙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሰው መነሣት ጀመረ። እያሳለ፣ ቦርሳውን እያነሣ፣ ልጁን እየጎተተ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተነሣ። ያለንበት ረድፍ ባዶ ቀረ፤ ከኋላችን ያለውም እንዲሁ። ወንበሮቹ ሰው ሲነሣባቸው ራሳቸው ታጥፈው የሚገቡ ናቸውና ከግራም ከቀኝም ከኋላም ኳ፣ ኳ፣ ኳ ሲሉ ሰማሁ። ሰዉ ግድግዳው ሥር ተደርድሮ ቆመ። መርል ዓይኔን አይቶ ወደ መሬት አጎነበሰ። አባባ ቀጥ ብሎ መድረኩን ያያል።

መብራቱ ሊጠፋ ሲል ኦፓል ከግድግዳው ተነጥለው መጡ። ለባላቸው የለበሱትን ጥቁር ልብስ ለብሰዋል። ረድፉን ሁሉ እያቋረጡ መጥተው በአባባ ግራ ተቀመጡና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ሃርላን፣ ክርንህን ሰብስብ» አሉት። አባባ ክርኑን ሰበሰበ።

ቴአትሩ ተጀመረ። ኔል ሦስቱን መስመር ተናገረች፤ ከሁሉም አሳምራ። ከዚያ በኋላ ወዲያው ይመስለኛል፣ ከኋላችን ያለው የአዳራሹ በር ተከፈተ። ብርድ አንገቴን ነካኝ። እርምጃ ሰማሁ፤ የማይቸኩል፣ የከባድ ሰው እርምጃ። ከኋላችን ባለው ባዶ ረድፍ ገባ። ወንበር ወርዶ ሰው ሲቀመጥበት የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ፤ በትክክል ከአባባ ጀርባ። ከዚያ ትንፋሽ።

መዞር ነበረብኝ። ለመዞር አንገቴን አዘዝኩት፤ አልታዘዘኝም። ግድግዳው ሥር የቆሙት ፊታቸው ወደ እኛ ነው፤ አንዳቸውም ግን መድረኩን አያዩም፣ ከአባባ ራስ በላይ ያያሉ። ደልበርት አፉን በእጁ ይዟል። የአባባን ክንድ ያዝኩት። አባባ፣ ያ ጩኸት የማይሰማው ሰው፣ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «የሚተነፍሰው ማን ነው?» አለኝ።

ያን ጊዜ ኦፓል ወደ ኋላ ሳይዞሩ እጃቸውን በወንበራቸው መደገፊያ ላይ አሻግረው ወደ ኋላ ዘረጉ። መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ያዙት። ቴአትሩ እስኪያልቅ እንዲያ ቆዩ፤ እጃቸው አልወረደም፤ በኋላ ጣቶቻቸው አንድ ነገር እንደ ጨበጡ ታጠፉ።

መብራት ሲበራ ከኋላችን ማንም የለም። ከአባባ ጀርባ ያለው ወንበር ብቻ እንደ ወረደ ነበር። ሁላችን እያየነው፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ታጠፈ።

ኦፓል እጃቸውን ሰብስበው ጓንታቸውን አጠለቁ። «ሮስኮ ነው» አሉ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚያወሩ። «ሲተነፍስ በአፍንጫው ያፏጫል። አርባ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ አይደል እንዴ? ሊጠብቅ ይምጣ ሊወስድ ይምጣ ግን አልጠየቅኩትም።»

አባባ ባርኔጣውን አነሣ። «ሊያይ ነው የመጣው» አለ። «ሮስኮ በነፃ የሚታይ ነገር አያመልጠውም።» ኦፓል ሳቁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ አባባን ክንዱን ይዘው ወጡ፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

እነሆ አባባ ደህና ነው። ፋሲካን አብረን ዋልን፤ የአሳማ ሥጋውን በላ፣ ድንቹን በላ፣ ጢሙንም አልቆረጠም። ኦፓል አልፎ አልፎ ከምሳ በኋላ ይመጡና ከሮስኮ ሥዕል ፊት ተቀምጠው ይሄዳሉ፤ ገጹ ከመጽሐፉ እንዳይወጣ አስምለውኛል። እኔም ነገሩ አለፈ፣ እንዳልነበረ ይቆጠር ብዬ ብዕሬን ይዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ትናንት የኢንጋ ካርድ ደረሰን። የነዳጅ ቧንቧው ሥራ ሲያልቅ ኩባንያው ወደ ቴክሳስ ሊያዛውርህ እንደሆነ፣ ደሞዙም ጥሩ እንደሆነ፣ በኖቬምበር እንደምትሄድ ጽፋለች። አንተ የተቀመጥክላቸው ኬኔዲ የተገደሉት በኖቬምበር፣ ቴክሳስ ውስጥ፣ በክፍት መኪና ሲሄዱ ነው። ኢንጋ ምን ታውቃለች? ደስ ብሏት ነው የጻፈችው።

የአንተን ገጽ አወጣሁት። ክፍት መኪና፣ ጸሐይ፣ ከግራና ከቀኝ እጁን የሚያወዛውዝ ሕዝብ፣ መሐል አንተ እየሳቅክ። ካለ አንተ ቃል ፊትህን አልነካም። ይሁንና አንተ ባትኖርበት ምን ይመስላል ብዬ በሌላ ወረቀት ላይ ሞከርኩት። መኪናውን ሣልኩ፣ ሕዝቡን ሣልኩ፣ ወንበሩን ባዶ ተውኩት። ሕዝቡ ለባዶ ወንበር እጁን ሲያወዛውዝ አየሁና ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ስለዚህ የምትፈልገውን አንተው ንገረኝ። አሳታሚው እስከ ሜይ መጨረሻ ይጠብቀኛል።

ኢንጋን፣ ካርላንና ሮይን በየስማቸው ሳምልኝ ትልሃለች ኔል፤ ለካርላ ባንዲራ የሰፋችበትን መርፌ አስቀምጣላታለች። ደልበርት ሰላም ብሎሃል፤ መዶሻህን ጠቅልሎ በፖስታ ሊልክልህ ነው፤ ዳግም ሳይጠየቅ። መርልም፣ ኦፓልም ሰላም ብለውሃል።

አባባ ለራሱ ሞት አንድ ቀን አልደነገጠም፤ ከላይ አንብበኸዋል። የኢንጋን ካርድ ጮክ ብዬ ሳነብለት እራት ላይ ነበርን። «ቴክሳስ» ስል ሹካውን አስቀመጠ። ወደ ክፍሉ ገባና ብዙ ቆየ። ሲወጣ ጢሙ የለም። ሲላጭ የቆረጠው አገጩ ላይ ደም ነበር፤ አልጠረገውም። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ ፊቴ አኖረና «ጻፊለት። አይሂድ በይው። አባትህ ለመነህ በይው» አለኝ።

እህትህ ሎርና

ማርስደን፣ ኦሃዮ
ኤፕሪል 22 ቀን 1976